ጸሐፊዋ የሰማችው ቃል

የሥራ ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ዛሬ ጡረተኛ የሆነ አንድ ቀልደኛ ተላላኪ ነው፤ «ይቺ ሴትዮ ሰው ሊናገር ሲያስብ ትሰማለች» ብሎ። እሷም አልከፋትም። በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ከአፈ ጉባኤው መንበር ግርጌ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደራሴዎች የሚናገሩትን በምልክት በሚጻፍ አጭር ጽሕፈት ስትከትብ የኖረች ሴት ናት። አሥር ደቂቃ ትጽፋለች፣ ተረኛዋ ትተካታለች። ፎቅ ወጥታ የጻፈችውን በኮምፒውተር ትገለብጥና ተመልሳ ትወርዳለች። እስክሪብቶ አትወድም፤ ቀለሙ ሲደርቅ ቃል ያመልጣል ትላለች። ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ቀርጻ ነው ወደ አዳራሹ የምትገባው።

ሙያው የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ የተባለው ይጻፋል፣ ያልተባለው አይጻፍም። አንድ ጊዜ አንድ እንደራሴ ንግግሩ መሐል «(ሳቅ)» ተብሎ መጻፉ አናዶት ቢሮዋ ድረስ መጣ።

«እኔ ቁም ነገር ነው የተናገርኩት። ይሄ ሳቅ ይውጣልኝ» አላት።

«ጌታዬ፣ እኔ አልሳቅሁም። የሳቁትን ያነጋግሩ» አለችው።

ይህች መልስ በመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ለዓመታት ስትወራ ኖራለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለጎረቤት ደራሽ። ፖለቲካ ከተነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የተቃዋሚው ፓርቲ ደጋፊ ነው ቢባል ያንሰዋል፤ ማታ ዜና ሲያዳምጥ ማንኪያውን እንደ ዱላ ነው የሚጨብጠው። እሷ ማንን እንደምትመርጥ በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላለት አታውቅም። «እኔ የመንግሥት ምስጢር ነው ያገባሁት» እያለ ለጓደኞቹ ያወራባታል። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ድረዋል። ቤታቸው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ታዳምጣለች።

ነገሩ የመጣው በዚያ ረቂቅ ሕግ ነው። የትናንሽ ከተሞች ሆስፒታሎች የማዋለጃና የቀዶ ሕክምና ክፍሎቻቸው ተዘግተው፣ ሥራው ሁሉ በአምስት ትልልቅ ሆስፒታሎች እንዲጠቃለል የሚያዝ ሕግ ነበር። ገዢው ፓርቲ «እናቶች ብቃት ባለው እጅ ይውለዱ» አለ። ተቃዋሚው «እናቶች መንገድ ላይ ይሙቱ ማለታችሁ ነው» አለ። ሰባት ወር ተጨቃጨቁበት። ጆሮ የሰባቱን ወር ጭቅጭቅ በእጇ ጽፋዋለች።

ሕጉን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ከአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ የተመረጡ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው የከብት ሐኪም ነበሩ። የተቃዋሚው ፓርቲ አባል ናቸው። ዘለግ ያሉ፣ እጆቻቸው ሰፋፊ፤ ሠላሳ ዓመት በበረት ሲሠሩ ኖረው ነው ወደ ምክር ቤት የገቡት። ንግግራቸው አጭር ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ይወዷቸዋል። አንድ ቀን ተነሥተው «ጥጃ በእግሩ ሲመጣ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ሰዓት የለም። ላም እንኳ አምስት ሰዓት በመኪና አትጫንም» ብለው ቁጭ አሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በዚያችው ከተማ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። ይህንንም አልደበቁም፤ «ልጄ እዚያ ትሠራለች፣ ስለዚህ የምለውን አውቃለሁ» ይሉ ነበር።

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌው ልባቸውን ታመው ተኙ። በድምፅ መስጫው ቀን ግን ሰው ደግፏቸው መጡ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። የሚወስዱት መድኃኒት እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛቸዋል፤ ግራ ጆሯቸውም ከድሮ ጀምሮ አይሰማም።

የዚያን ቀን የምክር ቤቱ ሲሶ በጠየቀው መሠረት ድምፁ በስም ጥሪ እንዲሰጥ ተወሰነ። ዋና ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ከመቀመጫው ሆኖ «ድጋፍ»፣ «ተቃውሞ» ወይም «ተአቅቦ» ይላል፣ ዋና ጸሐፊው በቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል። በስም ጥሪ ጊዜ የእንደራሴዎቹ ማይክ ስለማይከፈት መቅረጫው መልሳቸውን አይዝም። መልሱን የሚይዘው የጸሐፊዋ እርሳስ ብቻ ነው። በስም ጥሪ ጊዜ ጸሐፊ አይቀያየርም፤ ተረኛዋ እሷ ነበረች።

አዳራሹ ገበያ ሆኗል። ከላይ ከታዳሚው ሰገነት ይጮኻሉ፣ ከታች ጠረጴዛ ይደበድባሉ። አፈ ጉባኤው መዶሻውን እየመታ ይለምናል። የከብት ሐኪሙ ስም ተጠራ። አልሰሙም። ሁለተኛ ተጠራ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው በክርኑ ነካ አደረጋቸው። ብንን ብለው፣ ወንበራቸውን ተደግፈው ከወገባቸው ብድግ አሉና መለሱ።

«አለሁ።»

እንደ ተማሪ። ጸሐፊዋ የሰማችውን ጻፈች፣ እርሳሷን አንሥታም ጠበቀች፤ ዋና ጸሐፊው ደግሞ ይጠይቃቸዋል ብላ። ዋና ጸሐፊው ግን አንገቱን እንዳቀረቀረ ምልክቱን አድርጎ ወደሚቀጥለው ስም አልፏል። ሽማግሌው ቁጭ አሉ። ዓይናቸው መልሶ ተከደነ።

ውጤቱ ሲነበብ ሕጉ በመቶ አሥራ ሦስት ድጋፍ፣ በመቶ አሥራ ሁለት ተቃውሞ ጸደቀ። ከተቃዋሚው ፓርቲ አንድ ሰው ደግፏል ተባለ፤ ማን እንደሆነም ተነበበ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ከኋላቸው «ከሃዲ» የሚል ድምፅ መጣ። እሷ እሱንም ጻፈችው።

ፎቅ ወጥታ ስትገለብጥ አለቃዋ ቅጹን ይዞ መጣ። ሰላምተኛ ሰው ነው፤ የባልደረቦቹን ልጆች በስም ይጠይቃል። ትከሻዋ ላይ ዘንበል ብሎ አነበበ።

«ይሄ ‹አለሁ› ምንድን ነው?»

«ያሉት ነው።»

«አለሁ የሚባል ድምፅ አለ እንዴ?»

«የለም። ዋና ጸሐፊው ደግመው ሊጠይቋቸው ይገባ ነበር።»

አለቃዋ በሩን ዘጋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ቅጹ ድጋፍ ይላል፤ ዋና ጸሐፊው ፈርሞበታል። ያንቺ ወረቀት ሌላ ካለ ሕጉ ይፈርሳል። ያፈረሰው ማን ነው ሲባል ‹ጸሐፊዋ› ነው የሚባለው። አንደኛው ወገን ሊሰቅልሽ ይመጣል፣ ሌላኛው ገመድ ያቀብለዋል። ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ የኔ ሦስት።»

«የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«በዚያ ጩኸት ውስጥ?»

በዚያ ጩኸት ውስጥም ሰምታለች፤ እሱም መስማቷን ያውቃል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በትልቅ ነገር ሳይሆን ይሆናል፤ እሷ የወደቀችው በሦስት ፊደል ነው። «አለሁ» የሚለውን አጥፍታ «ድጋፍ» ብላ ጻፈች። ይህም ሦስት ፊደል ነው። መስመሩ እንኳ አልተዛነፈም።

በእርሳስ የጻፈችበት ደብተር እንደ ደንቡ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ደብተሮች አንድ ዓመት ተቀምጠው ይወገዳሉ።

በማግስቱ ጣት መጠቋቆሙ ተጀመረ። የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ «ከተቃዋሚው ጎራም ሕሊና ያለው ሰው አልጠፋም» ብሎ ጻፈ። ተቃዋሚው ደግሞ የሽማግሌውን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ፣ «ሆስፒታላችሁን የዘጋው ይህ ሰው ነው» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አድርጎ በየግድግዳው ለጠፈ። መቶ አሥራ ሁለቱ የገዢው ፓርቲ ሰዎች እዚያ ወረቀት ላይ አልነበሩም። በዚያ ቀን ከአዳራሹ የቀሩት አራቱ የተቃዋሚው እንደራሴዎችም አልነበሩም፤ ከአራቱ አንዱ እንኳ ተገኝቶ ቢሆን ድምፁ እኩል ሆኖ ሕጉ ይወድቅ ነበር። እንዲያውም አብዝተው የጮኹት እነዚህ አራቱ ናቸው። አንደኛው በድምፅ መስጫው ቀን ጥርሱን ሲያስነቅል ነው የዋለው። በነጋታው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ በቀሩት ጥርሶቹ ሽማግሌውን ዘለዘላቸው።

ባሏ ያንን ፎቶ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ለጠፈው። ማታ ማታ እራት ላይ ወሬው ይኸው ሆነ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? ፊቱ ምን ይመስል ነበር? አላፈረም?»

«እኔ ፊት አላይም። የምጽፈው ቃል ነው።»

«ስንት ሰጥተውት ይሆን? የዚህ ዓይነቱን ሰው ነበር በቁሙ መቅበር።»

ሳህኗን ታነሣለች፣ ወደ ማጠቢያው ትሄዳለች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች። ውሃው ሲፏፏ ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል። ሰው ሁሉ ጆሮ እያለ የሚጠራት ሴት ቤቷ ውስጥ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ተማረች።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ራሳቸው ወደ ቢሮዋ መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ደረጃው አድክሟቸው፣ መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ጠበቋት። የአለቃዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ከሥራሽ አስተጓጎልኩሽ።»

«ኧረ ምንም አይደል ዶክተር። ይቀመጡ፣ ወንበር ላምጣ።»

«አይ፣ አልቆይም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን መድኃኒቱ አድክሞኝ ነበር። ስሜ ሲጠራ ትዝ ይለኛል። ያልኩት ግን ትዝ አይለኝም። ተቃውሞ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ድጋፍ ነው ያልከው ይሉኛል። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልህ መጨረሻ ላይ ራስህን ትጠራጠራለህ። እኔ… ምን ነበር ያልኩት?»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ከውስጥ የወረቀት ኮሽታ ቆሟል።

«ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ነው ዶክተር» አለች።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩት። «አንቺ ከጻፍሽውማ ብዬዋለሁ ማለት ነው። አንቺ አትሳሳቺም ይላሉ። እግዜር ይስጥልኝ።» የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ በየእርከኑ እያረፉ ወረዱ። ከዚያ በፊት ጥፋተኛ መሆናቸውን ያልተቀበለ አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው። ያንን አንድ ሰው የወሰደችባቸው እሷ ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከምክር ቤቱ መልቀቃቸውን ለማሳወቅ ተነሥተው ተናገሩ። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያ አሥር ደቂቃ ተረኛዋ እሷ ነበረች። «በስህተት ድምፄን ለሕጉ ሰጥቻለሁ። የመረጡኝን ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። ከግራም ከቀኝም ሳቅ ተሰማ። «(ሳቅ)» ብላ ጻፈች።

ከአራት ወር በኋላ በሽማግሌው ከተማ የነበረው የማዋለጃ ክፍል ተዘጋ። አልጋዎቹ በጭነት መኪና ተወሰዱ። ልጃቸው ሥራዋን አጣች። የአባቷን ቤት ለቃ አንዲት ክፍል ተከራየችና የቤት ቀለም ቀላቅሎ በሚሸጥ ቀለም ቤት ተቀጠረች፤ ከአባቷ ጋር መንገድ ላይ ብትገናኝ እንኳ አታናግራቸውም። ሽማግሌው ወደ ድሮ ሙያቸው ለመመለስ ፈለጉ፣ የሚጠራቸው ግን ጠፋ። ከእሳቸው ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሚኖር ሰው ላሙ ምጥ ላይ ሳለች እሳቸውን ከመጥራት ጥጃውንም ላሟንም ማጣት መረጠ። የመስኮታቸውን መስታወት በድንጋይ የሰበሩት ሰዎች አልታወቁም፤ የጠየቀም የለም።

ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ያወቀችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የደረሳት በጋዜጣ የወጣ አንድ ዜና ብቻ ነበር። ከዚያች ከተማ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትወሰድ አንዲት ሴት በጭነት መኪና ላይ ወልዳ ሕፃኑ ሞቷል። ዜናውን ያወጣው የተቃዋሚው ፓርቲ ጋዜጣ ነው። የሴትዮዋ ፎቶ የለም፤ የሕፃኑ አባት የለም፤ ሕጉን ያረቀቀው ሚኒስትር የለም። ያለው የከብት ሐኪሙ ፎቶ ነው። ጋዜጣውን በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ውስጥ አነበበችው። የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሣችና ወደ መዝገብ ቤት ወረደች።

የዓመቱ ደብተሮች ሊወገዱ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ያውቃታል፤ የምትፈልገውን አውጥታ ብታነብ አይጠይቃትም። ደብተሩን ከዣንጥላዋ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ወረቀት ይዛ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። በር ላይ ጠባቂው «ደህና ዋይ» ሲላት ቦርሳዋን ወደ ጎኗ አጥብቃ አለፈች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ነው። እውነቱን ሲሰሙ የራሳቸውን ሰው ነጻ ለማውጣት የሚጣደፉ መስሏት። የፓርቲው ቃል አቀባይ ተቀበላት፤ ወጣት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ የደረደረ ሰው። ደብተሩን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

«ይሄ እኮ የዶሮ ጭረት ነው።»

«እኔ አነበዋለሁ» አለችና በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ አነበበችለት። የሽማግሌው ተራ ሲደርስ ፈገግታው ጠፋ። ከአንዱ ስልክ ጥሪ መጣ፤ አላነሣውም።

«እትዬ፣ ምርጫው ስድስት ሳምንት ነው የቀረው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ሕዝቡ በዚህ ሕግ ተቃጥሏል። ንዴቱ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?»

«ሕጉን ያወጡት አሉ። ከእናንተም አራት ሰዎች በዚያ ቀን አልነበሩም።»

«እነሱ እጩዎቻችን ናቸው» አለ ቃል አቀባዩ። ይህን ሲል አልተቆጣም፤ ለሰው መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነበር አነጋገሩ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ደብተሩ እኛ ዘንድ ይቀመጥ። ጊዜው ሲደርስ እናወጣዋለን።»

ደብተሩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

እሑድ ምሳ ላይ ለባሏ ነገረችው። ማንኪያውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። እንዲህ ሲያዳምጣት አይታው አታውቅም።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር እኔ ስሰድበው አንቺ እያወቅሽ ነው የምትሰሚኝ?»

«እያወቅሁ ነው።»

«አሞኘሽኝ ማለት ነው።» ደም ሥሩ ተገታተረ። ከዚያ አሰበ፣ የሚይዘው ነገር የሚፈልግ ይመስል ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አንከራተተ። «ቢሆንም… ተቃውሞም አላለም እኮ።»

«አላሉም።»

«በቃ፤ ማለት ነበረበት።»

ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገሩም። ፎቶውን ከአውቶቡሱ አላነሣውም፤ እሷም አንሣው አላለችውም።

በሳምንቱ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ የሐይቅ ዳሯ ከተማ ደረሰች። ቤቱን ስትጠይቅ ሰዎች በአገጫቸው ነው ያመላከቷት። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ ወዲያው አወቋት፤ አለመደንገጣቸው እሷን አስደነገጣት። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ ጥጃ የሚሳብባቸው ገመዶች ተሰቅለዋል፤ ደርቀው እንደ እንጨት ቆመዋል።

ሻይ አቀረቡላት። አልጠጣችም። ደብተሩን አውጥታ አነበበችላቸው፣ ከዚያ ያጠፋችውንና የተካችውን ሦስት ፊደል ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት።

«ልጄ ትስማው» አሉ።

ጎረቤት ተልኮ ልጅቱ ተጠራች። ከቀለም ቤቱ እንዳለች ነው የመጣችው፤ ጥፍሮቿ ሥር ነጭ ቀለም ተጋግሯል። ደፉን አላለፈችም። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችና «ይድገሙት» አለች። ጸሐፊዋ ደገመችው። ልጅቱ አባቷን አላየቻቸውም፤ የምታየው ጸሐፊዋን ነበር።

«ቢሮዎ መጥቶ ጠይቆዎት ነበር። እንዲያው ግድግዳ ተደግፎ፣ ታሞ። ያን ቀን ለምን አልነገሩትም?»

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

«ሁሉንም። አለቃዬን፣ ጡረታዬን፣ ሬዲዮውን።»

«እኔ ሰባት ወር አላናገርኩትም» አለች ልጅቱ። «ሰባት ወር። ይሄን በምን ይመልሱልኛል?»

ሽማግሌው ናቸው የመለሱት። «ተያት። እኔም ፈርቼ ነው ይቅርታ የጠየቅሁት። አደረግሁ ካልኩ ይተዉኛል ብዬ ነው። ያላስታወስኩትን ነገር አምኜ ተናገርኩ። በእሷ ብቻ አትፍረጂ።» ልጅቱ ይህን ስትሰማ ደፉን አልፋ ገባችና ከአባቷ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን አልያዘችም። ግን ተቀመጠች።

ጸሐፊዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ የሆነውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፈች፤ የራሷን ጥፋት ከላይ፣ የሌላውን ከታች። ትልልቆቹ ጋዜጦች አልተቀበሏትም። አንድ ትንሽ ጋዜጣ አወጣው። ገዢው ፓርቲ «ተቃዋሚዎች ገዝተዋታል፤ ሕጉን ለማፍረስ የተሸረበ ነው» አለ። ተቃዋሚው «ገዢው ፓርቲ በምርጫ ዋዜማ ሕዝቡን ለማደናገር የላካት ናት» አለ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ዜና ላይ፣ ሁለቱም። በሰባት ወር ጭቅጭቅ አንድ ቀን ተስማምተው አይታቸው አታውቅም ነበር።

ሰነድ ከመሥሪያ ቤት አውጥታለች ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። ደብተሩን የተረከባት አለቃዋ ነው። ሲቀበላት ዓይኗን አላየም፤ የልጆቿን ደህንነትም አልጠየቀም። አንድ ዓመቱ ሞልቶ ስለነበር ከሌሎቹ ደብተሮች ጋር እንደ ደንቡ ተወገደ። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ያቀረበችው ማመልከቻ ሁለት መስመር መልስ አገኘ፤ የምክር ቤቱ ዘመን ስላለቀ መዝገቡ ተዘግቷል የሚል።

ምርጫውን ተቃዋሚው አሸነፈ። ያ ጥርሱን የተነቀለው ሰውዬ የጤና ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ሕጉ ይሻራል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «የተበላሸውን ያበላሹት የቀድሞዎቹ ናቸው፤ ማስተካከል ጊዜ ይፈልጋል» አለ። የቀድሞዎቹ ደግሞ ከተቃዋሚው ወንበር ሆነው «አሁን ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው፤ ለምን አትሽሩትም?» ብለው ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። ሕጉ እስከ ዛሬ አለ።

ባሏ ያን ሰሞን ዜና ማዳመጥ ተወ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ጃኬቱን እያወለቀ፣ «እኛ ያልነውና እነዚህ የሚሠሩት ለየቅል ነው» አለና ወደ ጓዳ ገባ።

የከብት ሐኪሙ በዓመቱ ልባቸው ከዳቸው። ልጃቸው አብራቸው ነበረች፤ ተመልሳ ገብታ ነበር። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሊወስዷቸው መኪና ሲፈልጉ እጇ ላይ አረፉ። ለቀብሩ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ላሙ በምጥ የሞተችበት ጎረቤት ከሩቅ ቆሞ ነበር፤ አፈር ሲመለስ ግን አካፋ ተቀበለ። ጸሐፊዋም ሄዳለች። ሟች ምንሽ ናቸው ብላ አንዲት ሴት ስትጠይቃት፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወደ መቃብሩ ተጠጋች።

ልጅቱ የቀለም ቤቱን ሥራ ትታለች። በአባቷ ሳሎን ውስጥ ሁለት አልጋ አስገብታ የከተማዋን እናቶች ታዋልዳለች። በሕጉ መሠረት ክልክል ነው። እስካሁን የከሰሳት ሰው የለም፤ ሊከሳት የሚችለው ሰው ሚስትም አንድ ቀን ምጥ ይይዛታል። ጸሐፊዋ በየወሩ መጀመሪያ አምስት ሰዓት ተጉዛ ትመጣለች። መዝገቡን የምትይዘው እሷ ናት፤ እናቲቱ የመጣችበትን ሰዓት፣ የሕፃኑን ክብደት፣ የፈሰሰውን ደም፣ አዋላጇ ያየችውን። አዋላጇ ትናገራለች፣ እሷ ትጽፋለች። ስለ አባትየው አይነጋገሩም። ባለፈው ወር አራት ሕፃናት ተወልደዋል። አንደኛው አልተረፈም። ልጅቱ ያንን ስትናገር ቆም ብላ «ይሄ ይጻፍ?» አለቻት።

«ይጻፋል» አለችና ጻፈች።